14 ገጽና አንድ ጥያቄ፦ አዲስ ሐሳብ ይዛችሁ ወደ ኢንተርኔት ደረጃ አውጪዎች ስትቀርቡ

የመጀመሪያ ረቂቄ 14 ገጽ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ፣ ልጆቼ ከተኙ በኋላ፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የጻፍኩት ነው። ሥዕል ነበረው፤ ሠንጠረዥ ነበረው፤ መጨረሻው ላይ ምንም ላልረዱኝ ሰዎች ሳይቀር ምስጋና ነበረው። ካስገባሁት በኋላ በሦስተኛው ሳምንት አንድ መልስ መጣ፤ እርሱም አንድ መስመር ነው፦ «ይህ የማንን ችግር ይፈታል?»

ተናደድኩ። መልሱ ገጽ 9 ላይ ተጽፏል! ንዴቴ ሲበርድ 14ቱን ገጽ እንደ እንግዳ ሰው ሆኜ አነበብኩት። እውነትም ስምንት ገጽ ሙሉ መፍትሔዬን ስተነትን ቆይቼ፣ ችግሩን ገጽ 9 ላይ በሁለት አንቀጽ ነካክቼው አልፌያለሁ። እዚያ ድረስ የሚያነብልኝ የማላውቀው ሰው የት አለ?

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የምሠራ የኔትወርክ መሐንዲስ ነኝ። ይህንንም የምጽፈው «ጥሩ ሐሳብ አለኝ፤ ዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲሆን ምን ላድርግ?» እያሉ ለሚጠይቁኝ ወጣት ባልደረቦቼ ነው። መልሴ ሁልጊዜ ቅር ያሰኛቸዋል። የሐሳቡ ጥሩነት የሥራው ትንሹ ክፍል ነውና።

ቤቱ እንዴት ያለ ነው

የማውቀው ቤት ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት የሚነጋገሩባቸውን የጋራ ደንቦች፣ ማለትም ደረጃዎችን የሚያወጣው የኢንተርኔት ምህንድስና ግብረ ኃይል፣ በተለምዶ አይኢቲኤፍ የሚባለው ነው። በጃንዋሪ 1986 ሳንዲያጎ ላይ 21 ሰዎች ተሰብስበው ጀመሩት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አባልነት የሚባል ነገር የለውም። የኢሜይል አድራሻ ያለው ሁሉ ገብቶ ይናገራል፤ የሚናገረውም በራሱ ስም ነው። «ኩባንያዬ እንዲህ ይላል» ማለት ክብደት አይጨምርም፤ «ሀገሬ እንዲህ ትላለች» ማለት ደግሞ ፈገግታ ብቻ ያተርፋል።

ደረጃዎቹ የሚታተሙባቸው ሰነዶች አርኤፍሲ ይባላሉ፤ ትርጉሙ «አስተያየት ይሰጥበት» ማለት ነው። የመጀመሪያውን በኤፕሪል 1969 የጻፈው ስቲቭ ክሮከር ያኔ ተማሪ ነበር። ስሙንም የመረጠው ትእዛዝ ሰጪ እንዳይመስል ሰግቶ ነው። የዚያ ትሕትና ጠባይ እስከ ዛሬ አለቀቀም። ረቂቃችሁን «የመጨረሻ መፍትሔ» ብላችሁ ይዛችሁ ከመጣችሁ ማንም አይሰድባችሁም፤ ዝም ይሏችኋል። ዝምታው ከስድብ ይብሳል።

በ1992 ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ዴቪድ ክላርክ የቤቱን ባህል በአጭሩ ጠቀለለው፦ ንጉሥን፣ ፕሬዚዳንትንና ድምፅ መስጠትን አንቀበልም፤ የምናምነው በግርድፉ በመስማማትና በሚሠራ ኮድ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል «ሻካራ» ማለት ነው፤ ለእኔ ግን ከወፍጮ ቤት የመጣው «ግርድፍ» ይበልጥ ይገጥመዋል። ልሞ እንደ ዱቄት እስኪሆን አይጠበቅም። ጠጠር ግን ሊኖርበት አይገባም።

ፒት ሬስኒክ በጁን 2014 ያወጣው አርኤፍሲ 7282 ይህን ግርድፍ ስምምነት ያብራራል። ሌላ ምንም ባታነቡ እርሱን አንብቡ። መቶ ሰው ደግፎ አምስት ሰው ቢቃወም ስምምነት ላይኖር ይችላል ይላል። አምስት ሰው ደግፎ መቶ ሰው ቢቃወም ደግሞ ስምምነት ሊኖር ይችላል። ሁለተኛውን ሳነብ ደንግጬ ነበር። ነገሩ የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን ተቃውሞ ስለሆነ ነው። አምስቱ ያነሡት ጉድለት እውነተኛ ከሆነና መልስ ካላገኘ የመቶው ድጋፍ አይሸፍነውም። መቶው ደግሞ ተጠራርተው መጥተው አንድ የተመለሰ ነገር የሚደጋግሙ ከሆነ፣ ሁሉም ተደምረው አንድ ተቃውሞ ናቸው። ተቃውሞ ሁሉ መልስ ማግኘት አለበት፤ ሁሉም እንደ ጠያቂው ፍላጎት መፈጸም ግን የለበትም።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ አባቴ ነው። የሰፈራችን እድር ዳኛ ነበር። ወርኃዊ መዋጮ ከ20 ብር ወደ 50 ብር ይደግ የተባለ ጊዜ ከአንዲት ባልቴት በቀር ሁሉም ተስማማ። አባቴ እጅ አላስቆጠረም። ጉዳዩን ለሚቀጥለው ወር አሳደረና በማግስቱ ወደ ቤታቸው ሄደ። ለካ ሴትዮዋ ጭማሪውን አልጠሉትም፤ የጡረታ ገንዘባቸው ከእድሩ ቀን አምስት ቀን ዘግይቶ ነበር የሚደርሳቸው። በ20 ብሩ ጊዜ ከጎረቤት ተበድረው ይከፍላሉ፤ 50 ብር ግን መበደር አፈሩ። የእድሩ ቀን በአንድ ሳምንት ተገፋ፤ ጭማሪውም ጸደቀ። አባቴ ስለ ኢንተርኔት ምንም አያውቅም ነበር። ሥራውን ግን ያውቀዋል።

ችግሩ ይቅደም

የእኔ ችግር ይህ ነው። ሀገራችን የባሕር በር ስለሌላት ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው። ያ መስመር ሲበላሽ እዚሁ አዲስ አበባ የተቀመጠ ድረ ገጽ ሳይቀር የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ሰርቨሩ ከቢሯችን ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ቆሟል፤ ስሙን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚፈታው የዲኤንኤስ ሰርቨር ግን ውጭ አገር ነው። ደንበኛው የሚያየው «ገጹ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ነው። ከዚያ ይደውላል። በአንድ የብልሽት ቀን ስልክ ከሚያነሱት ልጆች አጠገብ ተቀምጬ ዋልኩ። ደዋዩ ሁሉ «ድርጅቱ ተዘጋ ወይ?» ይላል፤ ልጆቹ ደግሞ የሚመልሱት የላቸውም፤ እነርሱም የሚያዩት ያንኑ ጽሑፍ ነውና።

መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝ ይህችን ቀን ነው። እኔ ግን የጻፍኩት የዲኤንኤስ ሰርቨሮች «ችግሩ የመስመር ነው» የሚሉበትን አዲስ የመልእክት ቅርጽ ነበር፤ እያንዳንዱን ቢት (የ0 ወይም የ1 ምልክት) እየቆጠርኩ።

ስለዚህ አንድ ገጽ ብቻ ጻፉ፤ በገጹም ላይ መፍትሔ አይኑር። ማን ተጎዳ? መቼ? ዛሬ በምን እየተወጣው ነው? ይህን ገጽ በሌላ አገር ለሚሠራ የሙያ ባልደረባ አሳዩት። «እኛም ጋ አለ» ካለ መነሻ አገኛችሁ። ካላለ ጉድለቱ የራሳችሁ ኔትወርክ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን ለመጠገን ዓለምን ማስማማት አያስፈልግም።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ይበልጥ ያሳፍረኛል። ያ ባለ አንድ መስመር ሰውዬ በሁለተኛው ኢሜይሉ አርኤፍሲ 8767ንና 8914ን አንብቤ እንደሆነ ጠየቀኝ። የመጀመሪያውን አንብቤዋለሁ። ዋናው ምንጭ መልስ ሲነፍግ ሰርቨሩ ቀድሞ ያስቀመጠውንና ጊዜው ያለፈበትን መልስ እንዲሰጥ የሚፈቅድ ነው፤ ያ መልስ የ30 ሰከንድ ዕድሜ ተሰጥቶት እንዲላክ ይመክራል። ሁለተኛውን፣ በኦክቶበር 2020 የወጣውን 8914ን ግን ስሙን እንጂ ውስጡን አላየሁም ነበር። ከፍቼ ባነበው፣ ሰርቨር ስሕተቱን በዝርዝር የሚናገርባቸው የኮድ ቁጥሮች ተደርድረዋል። ቁጥር 3፣ የምሰጥህ መልስ ጊዜው ያለፈበት ነው። ቁጥር 22፣ የስሙ ባለቤት ሰርቨሮች አንዳቸውም አልተገኙም። ቁጥር 23፣ የኔትወርክ ስሕተት። የሦስት ወር ድካሜ ግማሹ እዚያ ተቀምጧል፤ ያውም ከእኔ ባማረ አቀራረብ።

ጉዱ በዚህ አላበቃም። የእነዚህ ቁጥሮች መዝገብ አብዛኛው ክፍል የሚተዳደረው «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይወስዳል» በሚለው ደንብ ነው። አዲስ ቁጥር የሚፈልግ ሰው መዝገቡን ለሚይዘው አካል ጥያቄ ጽፎ ማስገባት ነው እንጂ አርኤፍሲ ማሳተም፣ የሥራ ቡድን (በአንድ ጉዳይ ላይ የሚሠራ የአይኢቲኤፍ ስብስብ) ማሳመን አይጠበቅበትም። መዝገቦች የሚከፈቱባቸው ደንቦች በአርኤፍሲ 8126 ተዘርዝረዋል፤ አንዳንዱ በር በመላው ቤቱ ስምምነት ብቻ ይከፈታል፣ አንዳንዱ በአንድ ባለሙያ ይሁንታ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ጭራሹን አይቆለፍም። እኔ ያልተቆለፈ በር ፊት ቆሜ ሦስት ወር ሙሉ ቁልፍ ስቀጠቅጥ ነበር። ስምምነት ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ስምምነት የሚያስፈልገው ነገር መሆኑን አጣሩ።

ከ14 ገጽ የተረፈው ሐሳብ አራት ገጽ ሞላ፦ መስመሩ ሲመለስ ሰርቨሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ እንዳይጎርፉ ምን ያህል ተራርቀው ይጠይቁ የሚል ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረው በዚያ አራት ገጽ ላይ የደረሰብኝን ነው።

ደጋፊ አትሰብስቡ

ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስሕተት ጓደኞቹን ጠርቶ «እኔም እደግፋለሁ» ማስባል ነው። እኔም ሦስት ሰው እንዲህ እንዲልልኝ አድርጌያለሁ። የሥራ ቡድኑ ሰብሳቢዎች ይህን በአንድ እይታ ያውቁታል፤ ከዚህ በፊት ተናግሮ የማያውቅ ሰው ድንገት መጥቶ በአንድ ቃል ሲደግፍ ምንም አይመዝንም። አንድ ሰው «አንብቤዋለሁ፤ ክፍል 3 ግልጽ አይደለም» ቢል ግን ከሃያ «እደግፋለሁ» ይበልጣል።

የምትፈልጉት ተቃዋሚውን ነው። አለ፤ ዝም ያለው ስላላነበበ ብቻ ነው። የሐሳባችሁ ወጪ ማን ላይ እንደሚያርፍ አስቡና እርሱን ፈልጉ። በእኔ ጉዳይ ወጪው የሚያርፈው ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን የዲኤንኤስ ሶፍትዌር በሚጽፉት ላይ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ባለፉት ውይይቶች እንደኔ ያለውን ሐሳብ ሁለት ጊዜ እንደተቃወመ ከቃለ ጉባኤ አገኘሁ። ረቂቄን በአደባባይ ከማውጣቴ በፊት ጻፍኩለት። እንዲደግፈኝ አልለመንኩትም፤ «የት ላይ ይሰበራል?» ብዬ ጠየቅሁት። በሁለተኛው ቀን ረጅም መልስ ላከ። መራራቁ የዘፈቀደ ካልሆነ ሰርቨሮቹ በአንድ ጊዜ ከመጉረፍ ወደ ተራ በተራ መጉረፍ ይሸጋገራሉ እንጂ ጎርፉ አይቀርም አለኝ። ልክ ነበር።

ተቃውሞ ሲመጣ የማደርገው ይህ ነው። መጀመሪያ የሰውዬውን ነጥብ በራሴ ቃል መልሼ እጽፍለታለሁ፤ «ያልከኝ ይህ ነው?» ብዬ። ብዙ ጊዜ አይደለም ይላል፤ ያኔ እውነተኛው ተቃውሞ ይወጣል። ቀጥሎ «አልወደውም» እና «ይሰብራል» የሚሉትን እለያለሁ። ለመጀመሪያው ማብራሪያ ይበቃል፤ ሁለተኛው የጽሑፍ ለውጥ ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ ሁሉንም በአንድ ፋይል እመዘግባለሁ፦ ማን፣ ምን፣ መልሱ ምን፣ ረቂቁ ውስጥ የቱ መስመር ተለወጠ። ከስድስት ወር በኋላ አንድ አዲስ ሰው ያንኑ ሲያነሣ ያ ፋይል ነው የሚያድናችሁ። በመጨረሻ «ምን ቢለወጥ መቃወምህን ትተዋለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ካለው ሥራ አገኘሁ። መልስ ከሌለው ሰብሳቢውም ያን ያያል።

ያ ሰውዬ እስከ ዛሬ ሐሳብህ ጥሩ ነው ብሎኝ አያውቅም። «ደስ ባይለኝም አልቃወምም» ብሏል። አርኤፍሲ 7282 የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ከመስማማት ብዛት ይልቅ ያልተመለሰ ተቃውሞ አለመኖሩ። የእኛ ሽማግሌዎች «ይሁን» የሚሉት ዓይነት።

የአንዲት ቢት ክርክር

ትልልቆቹም በዚሁ መንገድ ነው ያለፉት። ኩዊክ የተባለውን የመረጃ ማጓጓዣ ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ደንብ) ጉግል ለዓመታት በራሱ ሰርቨሮችና በክሮም ማሰሻ ሲጠቀምበት ቆይቶ በ2016 በርሊን ላይ ለአይኢቲኤፍ አቀረበው። አርኤፍሲ 9000 ሆኖ የወጣው በሜይ 2021 ነው። የወጣው ግን የገባው አይደለም። ጉግል የራሱን ምስጠራ ነበር የሠራለት፤ እርሱ ወጥቶ ቲኤልኤስ 1.3 በተባለው የቤቱ የራሱ የምስጠራ ደረጃ ተተካ። ሐሳባችሁን ስታስገቡ ልጅ ለጉዲፈቻ እንደምትሰጡ ቁጠሩት፤ ስሙ ሊቀር ይችላል፣ ጠባዩ ግን የአሳዳጊው ነው። ይህን የማይችል ሰው ሶፍትዌሩን ለብቻው ቢሠራ ይሻለዋል።

በዚያው ኩዊክ ውስጥ አንዲት ቢት አለች። ፓኬት (የመረጃ እሽግ) ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ከ0 ወደ 1፣ ከ1 ወደ 0 ትገላበጣለች። መስመር ላይ ቆሞ የሚያይ የኔትወርክ ባለሙያ ይህን ግልበጣ ቆጥሮ መዘግየቱን ይለካል። የኔትወርክ አስተዳዳሪዎች «ሁሉም ነገር ከተመሰጠረ እኛ ብልሽት በምን እንፈልግ?» አሉ። የግላዊነት ተከራካሪዎች ደግሞ «ዛሬ አንድ ቢት የሰጠ ነገ ሁለት ይጠየቃል» አሉ። እኔ በሙያዬ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ስለሆንኩ አድልዎ አለብኝ። ክርክሩ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ተሻገረ። በመጨረሻ ቢቷ ገባች፤ ግን በፈቃድ የምትበራ ሆነች፤ የሚያበራትም ሰው ከ16 መንገዶች ቢያንስ በአንዱ ላይ በዘፈቀደ እንዲያጠፋት ታዘዘ። የዚህ ብልሃት ውበት ገብቷችኋል? ሁልጊዜ የተወሰኑት ስለሚያጠፏት፣ ያጠፋ ሰው ተለይቶ አይታይም። አንዱ ወገን መለኪያውን አገኘ፣ ሌላው መደበቂያውን አገኘ።

ሁልጊዜ እንዲህ አያምርም። በማሰሻ ውስጥ የቪዲዮ ጥሪ የሚያስችለው ዌብአርቲሲ ሲረቀቅ ሁሉም የግድ የሚደግፈው የቪዲዮ መጭመቂያ የቱ ይሁን በሚለው ላይ ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ። ቪፒ8 የሮያልቲ ክፍያ የለውም፤ ኤች.264 የፓተንት ክፍያ አለበት፣ ነገር ግን በየስልኩ ቺፕ ውስጥ ገብቷል። በ2013 ቫንኩቨር ላይ ሞከሩ፤ አልሆነም። በኖቬምበር 2014 ሆኖሉሉ ላይ የተገኘው መውጫ ማሰሻዎች ሁለቱንም ይደግፉ የሚል ነው፤ በአርኤፍሲ 7742 ታትሟል። ይህ ስምምነት ማንንም ደስ አላሰኘም። ሸክሙን ሁለቱ ወገኖች እኩል ተሸክመውት ሄዱ።

ኮዱና ግመሏ

ክርክር ሲጠነክር የሚያበርደው የሚሠራ ነገር ነው። እኔ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ መለስተኛ መሞከሪያ ሠርቼ መስመሩን እየቆረጥኩና እየመለስኩ የጥያቄውን ብዛት በግራፍ አሳየሁ። ያ ግራፍ ከጻፍኳቸው አንቀጾች ሁሉ ይበልጥ ተነበበ። ከማርች 2015 ዳላስ ጀምሮ ከስብሰባው ሳምንት ጋር ሰዎች ተቀምጠው ኮድ የሚጽፉበት ሃካቶን አለ፤ በርቀትም መግባት ይቻላል። አርኤፍሲ 7942 ደግሞ በረቂቁ ውስጥ «ማን ሠርቶታል?» የሚል ክፍል እንድታስገቡ ይመክራል።

ኮድ የሚያወጣው ማንም በክርክር የማያገኘውን ነው። ቲኤልኤስ 1.3 በኦገስት 2018 ከመታተሙ በፊት 28 ረቂቆችን አሳልፏል። ሥራው ሲሞከር በመንገድ ላይ የተተከሉ የቁጥጥር ሳጥኖች የማያውቁትን ስሪት ሲያዩ ግንኙነቱን ይቆርጡ ነበር። ስለዚህ 1.3 ሰላምታውን የሚጀምረው 1.2 መስሎ ነው። በወረቀት ላይ ይህን ማን ይገምተዋል?

ግመሏ ደግሞ ይህቺ ናት። በማርች 2018 ለንደን ላይ ፓወርዲኤንኤስ የተባለውን የዲኤንኤስ ሶፍትዌር የጀመረው በርት ሁበርት ዲኤንኤስን ጭነት በጭነት ላይ እንደተከመረባት ግመል አድርጎ አቀረበ፤ ስንት ተጨማሪ ነገር ብንጭን ነው ወገቧ የሚሰበረው ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መስክ አዲስ ሐሳብ ያመጣ ሰው ግመሏን ሳይሰማ አያልፍም። እኔም ሰምቻለሁ። መልሴ «አዲስ ቅርጽ የለውም፣ አዲስ ቁጥር የለውም፣ በነበረው ላይ የሚጨምረው አንድ የጊዜ ስሌት ነው» የሚል ነበር። ሐሳባችሁ የሚጨምረውን ብቻ ሳይሆን ጨርሶ የማይነካውንም ጻፉ።

ከስብሰባው ቀን በፊት

ስብሰባ በዓመት ሦስት ጊዜ ነው። እኔ የምከታተለው ከቤቴ ነው። የሳን ፍራንሲስኮው ስብሰባ ጠዋት ሲጀመር እኛ ጋ ከምሽቱ 1:30 ነው፤ ሲያበቃ ሊነጋ ነው። የዮኮሃማው ሲጀመር ደግሞ ከሌሊቱ 9:30። የርቀት ተሳትፎ ክፍያ ለሚከብደው የነጻ ዕድል አለ፤ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

በርቀት ስትሳተፉ የምታጡት ትልቁ ነገር ስብሰባው አይደለም፤ የመተላለፊያው ወሬ ነው። እርሱን የምተካው ቀድሜ በመሥራት ነው። የሌላ ሰው ሐዘን ላይ ደርሶ የማያውቅ ሰው የራሱ ቀን ድንኳኑ ባዶ ይሆናል። የእኔን ረቂቅ ያነበቡልኝ ሰዎች አብዛኞቹ እኔ አስቀድሜ ረቂቃቸውን ያነበብኩላቸው ናቸው። የእንግሊዝኛ ስሕተት ማረም እንኳ ይቆጠራል፤ የተሻለው ግን «ይህን ደንብ የእኛ ዓይነት መስመር ላይ ብሞክረው እንዲህ ይሆናል» ብሎ መጻፍ ነው። ይህን ከእኛ በቀር የሚነግራቸው ጥቂት ነው። ደካማ መስመር እዚያ ገበያ ዋጋ የሚያወጣ ዕውቀት ነው፤ እኔ ብዙ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት።

ስብሰባው ላይ ሰብሳቢው «እስኪ አጉረምርሙ» ይላል። አዎን፣ አፍ ዘግቶ እህምምም ማለት ነው። ድምፁ ይደመጣል እንጂ አይቆጠርም፤ ማን እንዳጉረመረመም አይለይም፤ አለቃህ አጠገብህ ቢቀመጥ እንኳ። በርቀት ላለነው እጅ ማውጫ ቁልፍ ተሠርቷል። ሁለቱም ቢሆኑ ፍርድ አይደሉም፤ የሙቀት መለኪያ ናቸው። ውሳኔውም ክፍል ውስጥ አያልቅም፤ በኢሜይል ላልተገኙት ቀርቦ ይረጋገጣል።

ጥያቄው እንዴት እንደሚቀርብ አስቀድማችሁ ከሰብሳቢው ጋር ተነጋገሩ። «ይህን ማን ይወደዋል?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ ቢስ ነው፤ ጨዋ ሰው ሁሉ ያጉረመርማል። «ይህን ሥራ ብንይዝ ልንወጣው የማንችለው ችግር የሚታየው አለ?» የተሻለ ነው። ከሁሉም የሚሻለው «ማን ይጽፋል? ማን ይገመግማል? ማን ሶፍትዌሩ ውስጥ ያስገባዋል?» የሚለው ነው። የእኔ ረቂቅ መጀመሪያ ሲጠየቅለት ጉርምርምታው ደስ ይል ነበር፤ ገምጋሚ ሲጠየቅ ግን ማንም ድምፅ አላሰማም። ቤቱን አልወቅስም። ገምጋሚ አስቀድሜ አልለመንኩም ነበር።

ቀሪዎቹን ጥቃቅን ነገሮች በአጭሩ ልለፋቸው። ረቂቅ በስድስት ወር ጊዜው ያልፍበታል፤ ሁለት ጊዜ አልፎብኛል፤ ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ሐሳቡ ላይ የራሳችሁ ወይም የአሠሪያችሁ ፓተንት እንዳለ እያወቃችሁ ዝም ማለት ክልክል ነው፤ ተሳታፊ ሁሉ ማሳወቅ ይገደዳል። «የግድ»፣ «ይመከራል» እና «ይቻላል» የሚሉት ቃላት በአርኤፍሲ 2119 የተቆረጠ ትርጉም አላቸው፤ «የግድ»ን እንደ በርበሬ ቆጥቡት፤ ከአራት ገጼ ውስጥ የነበሩት ዘጠኝ «የግድ»ዎች አሁን ሁለት ናቸው፤ ከተቃውሞውም ግማሹ አብሮ ጠፍቷል። ረቂቅን በመጨረሻ የሚያጸድቀው የላይኛው ኮሚቴ አባል «ውይይት» የሚል እገዳ ቢጥልባችሁ አትደንግጡ፤ ምን ቢስተካከል እንደሚያነሣው የመናገር ግዴታ አለበት።

ስለ ፊደላችንም ለሚጠይቁኝ አንድ ነገር ልበል። የዓለም ፊደላትን ለኮምፒውተር በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ ሌላ ቤት ነው፤ እዚያ የሚሠራ ኮድ ብቻውን አያሳምንም። የሚጠየቀው ፊደሉ በሰዎች እጅ እንደሚጻፍና እንደሚታተም የሚያሳይ ማስረጃ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ከዩኒኮድ 3.0 ጋር ገባ። ተጨማሪዎች በ2005 እና በ2010 ተከተሉ። ለጉራጊኛ የሚያስፈልጉት 28 ፊደሎች የገቡት ግን በ2021፣ በዩኒኮድ 14.0 ነው። አንዴ የገባ ፊደል አይወጣም፣ ቦታው አይቀየርም፣ ስሙም አይታረም። ስለዚህ ጥንቃቄያቸው ከአይኢቲኤፍ ይከብዳል። ወደዚያ ቤት የምትሄዱ ከሆነ ፕሮግራም ከመጻፍ ይልቅ የትምህርት መጻሕፍት፣ ማስታወቂያና ደብዳቤ ሰብስቡ።

የእኔ ባለ አራት ገጽ ረቂቅ አሁን አምስተኛ እትሙ ላይ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ አሥር ደቂቃ ተሰጥቶኛል፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት ስላይድ አዘጋጅቻለሁ። የመጀመሪያው ላይ ስልክ ከሚያነሱት ልጆች ጋር የዋልኩባት ቀን አለች፤ ደዋዮቹ ያሉትን በእንግሊዝኛ ተርጉሜ አስቀምጫለሁ። ሁለተኛው ባዶ ነው። ሰዎች ሲቃወሙ እያዩኝ የምጽፍበት ነው።